ሻባት ከዐርብ ይጀምራል፦ የዝግጅቱና የአጠባበቁ መመሪያ

ሻባት፣ ማለትም የአይሁድ ሰንበት፣ በሚከበርበት ቤት ዐርብ የተረሳ ነገር እስከ ቅዳሜ ማታ እንደተረሳ ይቆያል። የማቀዝቀዣው አምፖል ካልተፈታ በሩን መክፈት ይቸግራል፤ ምግብ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ፕላታው፣ ካልተሰካ ወጡ ይበርዳል፤ ስልኩ ካልተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ሲጮኽ ያድራል። ስለዚህ «በሻባት ምን አይደረግም?» ከማለት በፊት «ዐርብ ምን ይደረጋል?» ማለት ይቀድማል። የታልሙድ፣ የጥንቱ የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ፣ ጠቢባንም «በሰንበት ዋዜማ የደከመ በሰንበት ይበላል» ብለዋል።

ይህ መመሪያ በተለይ እስራኤል ውስጥ ጎጆ ለወጡ የእኛ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ልጆች ነው፤ ለአዲስ ገቢዎችና ሻባት አክባሪ ቤት ለሚጋበዙም ይጠቅማል። የተጻፈው በራባናት፣ ማለትም በታልሙድ ጠቢባንና እነሱን በተከተሉ ሊቃውንት፣ ሥርዓት መሠረት ነው። አሽከናዛውያን (የአውሮፓ አይሁድ) እና ሴፋርዳውያን (የስፔን፣ የሰሜን አፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አይሁድ) የሚለያዩበት ቦታ አለ፤ ዋና ዋናውን አነሣለሁ። ከዚያ ላለፈው የሰፈራችሁን ራቭ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ወይም የቤተ እስራኤል ቄስ ጠይቁ፤ ግን ዐርብ ጠዋት ጠይቁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ስልክ የሚያነሣ የለም።

ሰዓቱን ማወቅ

ሻባት የሚገባው ዐርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የሚወጣው ቅዳሜ ማታ ሦስት ከዋክብት ሲታዩ ነው። ሻማ ግን ቀደም ብሎ ይበራል። በብዙ ቦታ ፀሐይ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ በፊት፣ በሐይፋ 30፣ በኢየሩሳሌም ደግሞ 40 ደቂቃ በፊት ማብራት ልማድ ነው።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡45 ባለው ውስጥ ትጠልቃለች፤ ሰዓት ሳያዩ ሰማይ አይቶ መዘጋጀት ይቻላል። ኢየሩሳሌም ግን በታኅሣሥ ሻማ የሚበራው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ በሰኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት ያልፋል። በእነዚያ አጫጭር የብርድ ቀናት ዐርብ እኩለ ቀን ላይ ዶሮ መበለት የጀመረ ሰው አልቆለታል ማለት ነው። አውቶቡሶቹም በአብዛኛው ከተማ ከሰዓት በኋላ ይቆማሉ። የሳምንቱን ሰዓት ከምኩራብ ግድግዳ ወይም ከስልክ ላይ አይታችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት።

የተከለከለው ምንድን ነው?

ሚሽና፣ የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ፣ «አርባ ሲቀነስ አንድ» ብሎ 39 የሥራ ዓይነቶችን ይዘረዝራል። 11ዱ ከእርሻ እስከ መጋገር ያሉት የእንጀራ ሥራዎች ናቸው፤ 13ቱ ከመሸለት እስከ መስፋት ያሉት የልብስ ሥራዎች፤ 9ኙ ከማጥመድ፣ ከማረድና ቆዳ ከማልፋት እስከ መጻፍና መደምሰስ ይሄዳሉ። የቀሩት 6 መገንባት፣ ማፍረስ፣ እሳት ማጥፋት፣ እሳት ማንደድ፣ የአንድን ዕቃ የመጨረሻ እጅ መስጠትና ከግል ቦታ ወደ ሕዝብ ቦታ መሸከም ናቸው። ጠቢባን እነዚህን ያገኙት በምድረ በዳ የነበረውን የመገናኛ ድንኳን ለመሥራት ካስፈለጉት ሥራዎች ነው፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 የሰንበት ትእዛዝና የድንኳኑ ሥራ ጎን ለጎን ተቀምጠዋልና።

ከዚህ የሚከተለው ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር ነው፦ ድካም መለኪያ አይደለም። ከባድ ጠረጴዛ ከሳሎን ወደ ጓዳ ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ሁለት ፊደል በእስክሪብቶ መጻፍ ግን አይቻልም። ኤሌክትሪክን በተመለከተ ሊቃውንቱ በምክንያቱ ይለያያሉ፤ አንዱ እሳት ነው ይላል፣ ሌላው መገንባት ነው ይላል። በተግባሩ ግን ይስማማሉ፦ አይበራም፣ አይጠፋም።

ረቡዕና ሐሙስ፦ ሊጥና ዳቦ

እንጀራ ለሻባት የሚፈልግ ቤት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ያቦካል፣ ሐሙስ ማታ ወይም ዐርብ ጠዋት ይጋግራል። ይህን ማንም እናት ታውቀዋለች። የሚረሳው ሌላ ነው፦ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ለሻባት ማዕድ የሚያስፈልገውን ዳቦ አይተካም። የዳቦ ቡራኬ የሚባለው ከአምስቱ እህሎች፣ ማለትም ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከአጃ፣ ከራይና ከስንዴ ዘመድ ከሆነው ስፔልት በተሠራ ላይ ነው። ጤፍ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ እንጀራው ለወጡ ይቅረብ፤ ከጎኑ ለእያንዳንዱ ማዕድ ሁለት ሙሉ የስንዴ ዳቦ ይኑር። ሁለት የሆነው በምድረ በዳ ዐርብ ዐርብ መና እጥፍ ይወርድ ስለነበረ ነው። አንድ ትልቅ ድፎና አንድ ትንሽ ዳቦ ቢሆኑም ይበቃል፤ ያልተቆረሱ መሆናቸው ነው ዋናው።

ቤት የሚጋግር ሰው ሐላ መለየትን አይርሳ። ዱቄቱ ከ1.2 ኪሎ ገደማ ካለፈ ከሊጡ ትንሽ ቁራጭ ይነሣል፤ «ይህ ሐላ ነው» ይባላል፤ በፎይል ተጠቅልሎ ይቃጠላል። ቡራኬ የሚባለው ዱቄቱ 1.7 ኪሎ ገደማ ሲሆን ነው። በሻባት መለየት ስለማይቻል ዐርብ ከመምሸቱ በፊት ይለቅ።

ዐርብ፦ ወጡ፣ ፕላታው፣ ውሃው

ወጡ ፀሐይ ሳትጠልቅ በደንብ በስሎ ይውጣ። ዶሮ ወጡ በዘይት ይሠራል፤ ሥጋና ወተት ስለማይገናኙ ንጥር ቅቤ አይገባበትም። የእኔ ምክር፦ ከወትሮው ቀጠን አድርጉት። ፕላታ ላይ የሚያድር ወጥ ይደርቃል፣ በሻባት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ማብሰል ነው።

ፕላታ ማለት ማስተካከያ የሌለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ሻባት ከመግባቱ በፊት ይሰካል፣ እስከ ቅዳሜ ማታ አይነካም። ኮረንቲ ለመቆጠብ የሚፈልግ በሰዓት ቆጣሪ ያደርገዋል። ጋዝ የሚጠቀም ነበልባሉንና መዘውሩን የሚሸፍን ቆርቆሮ ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሕግ ይህ ነው፦

ድስቱ ፕላታው ላይ እንዳለ አይማሰልም። አውርዳችሁ ቅዱ። መመለስ ካሰባችሁ መጀመሪያውኑ ለመመለስ አስባችሁ አውርዱት፣ ወጡ ሳይበርድ፣ ድስቱን ከእጃችሁ ሳታስቀምጡ መልሱት። ከማቀዝቀዣ የወጣ የበሰለ ደረቅ ምግብ፣ ለምሳሌ ዳቦ ወይም ጥብስ፣ ፕላታ ላይ ማኖርን ብዙ ሴፋርዳውያን ይፈቅዳሉ፤ አሽከናዛውያን ይጠነቀቃሉ። የቀዘቀዘ ሾርባን ግን ማሞቅ አይቻልም።

ሜኻም የሚባለውን የፈላ ውሃ ማንቆርቆሪያ ከሰዓት በኋላ ሞልታችሁ አፍሉ። ሻይ የሚወድ ቅጠሉን ዐርብ አፍልቶ ጭማቂውን በጠርሙስ ያስቀምጥ፤ ቅዳሜ ከሜኻሙ ወደ ደረቅ ብርጭቆ፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛ ብርጭቆ ያገላብጥና ጭማቂውን ይጨምርበታል።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት የመጡ ሽማግሌዎች ይቸገራሉ። ጎንደር ላይ ቤተ እስራኤል ዐርብ ማታ ከመድረሱ በፊት እሳቱን ያጠፋ ነበር፤ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ዐርብ የተሰናዳውን ቀዝቃዛ ምግብ ነበር በሰንበት የሚበላው። የመጽሐፈ ኩፋሌ የመጨረሻ ምዕራፍ ጠንካራ ሕግ አለው፤ በሰንበት ውሃ መቅዳትን፣ እንስሳ መጋለብን፣ ከሚስት ጋር መተኛትንም ይከለክላል። ራባናት በተቃራኒው ቤቱ ብርሃን ይኑረው፣ ትኩስ ምግብ ይኑር፣ ባልና ሚስት ይቀራረቡ አሉ። ስለዚህ አያትህ የፕላታውን ወጥ አልበላም ቢሉ አትከራከራቸው። ሽሮውን ዐርብ በትንሽ ሳህን ለብቻ አስቀምጥላቸው፤ ቀዝቃዛ መብላት በየትኛውም ሥርዓት አይከለከልም።

ቤቱን መዞር

ሻማ ሊበራ አንድ ሰዓት ሲቀረው ቤቱን ከበር እስከ ሽንት ቤት ዙሩ። የማቀዝቀዣው አምፖል ይፈታ ወይም ማብሪያው በፕላስተር ይለጠፍ። የሽንት ቤት ወረቀት ተቆርጦ ይቀመጥ፣ ወይም የተቆራረጠ ሶፍት ይገዛ። መብራትና አየር ማቀዝቀዣ በሰዓት ቆጣሪ ይስተካከሉ፤ ሽንት ቤቱ ሌሊቱን ይብራ። የኤሌክትሪክ ቦይለር ይጥፋ፤ በሻባት ሙቅ ውሃ ስለማይከፈት ገላ የሚታጠበው አሁን ነው። ሎሚ ለሰላጣ የሚጨመቅ ከሆነ አሁን ይጨመቅ። ኪስ ይፈተሽ፦ ገንዘብ፣ እስክሪብቶ፣ ስልክ ይውጡ። እነዚህ ሙክፄ ይባላሉ፤ በሻባት ማንሣትም ማንቀሳቀስም የለባችሁም።

ቡናውስ?

ይህን ለብቻው ያነሣሁት በእኛ ቤት ትልቁ ፈተና ስለሆነ ነው። ቡና መቁላት ማብሰል ነው፤ መውቀጥ መፍጨት ነው፤ ጀበና መጣድ እንደገና ማብሰል ነው፤ ዕጣን ፍም ላይ መጣል ማንደድ ነው። አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ውስጥ ይህ ሁሉ አለ።

መፍትሔው ዐርብ ከሰዓት በኋላ ማፍላት ነው። አንዱ ጀበና ያኔውኑ ይጠጣ፤ ሌላው በጨርቅ ወይም በማጣሪያ ተጣርቶ ፔርሙዝ ውስጥ ይግባ። ጤና አዳም የምታደርጉ ከሆነ ቅጠሉን ዐርብ ፔርሙዙ ውስጥ ጨምሩ፤ ቅዳሜ ጥሬ ቅጠል ትኩስ ቡና ውስጥ መንከር የማብሰል ጥያቄ ያስነሣል። ስኳር ግን አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ሲኒው ውስጥ መጨመር ይቻላል። ፈንድሻውም ዐርብ ይፈንዳ።

ጀበናውን ከነአተላው ፕላታ ላይ የሚያሳድሩ አሉ። ይሆናል፤ ግን ሳትነቀንቁ በቀስታ ቅዱ፣ አተላው ሲቃረብ ቁሙ። የመጨረሻዋን ጠብታ ከአተላው ለይቶ ማንጠፍጠፍ «መለየት» ከሚባለው ሥራ ጋር ይጋጫልና ትንሽ ቡና ከአተላው ጋር ይቅር። እውነቱን ለመናገር የፔርሙዝ ቡና እንደ አዲስ የፈላ አይሆንም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለቅዳሜ ማታ ይቆዩ።

ሻማ ማብራት

ልማዱ ቢያንስ ሁለት ሻማ ነው፤ «አስብ» እና «ጠብቅ» ለሚሉት ሁለቱ የሰንበት ትእዛዛት። የሚያበራው የቤቱ እመቤት ናት፤ ሴት በሌለበት ቤት ወንዱ ያበራል። ሻማዎቹ ማዕዱ እስኪያልቅ የሚነዱ ይሁኑ፤ ከተቀመጡበት ሰሃን ጋር ከዚያ በኋላ ስለማይነሡ ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ።

አሽከናዛውያን አብርተው፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይባርካሉ። ብዙ ሴፋርዳውያን አስቀድመው ባርከው ያበራሉ። ቡራኬው፦ «ባሩኽ አታ አዶናይ ኤሎሄኑ ሜሌኽ ሃዖላም፣ አሼር ቂድሻኑ ቤሚፅቮታቭ ቬፂቫኑ ሌሃድሊቅ ኔር ሼል ሻባት»። ክብሪቱ አይነፋም፤ ሰሃኑ ላይ ይቀመጥና በራሱ ይጠፋል።

ከዘገያችሁና ፀሐይ ከጠለቀች አታብሩ። ሻማ ሳያበሩ መቅረት ያሳዝናል፤ በሻባት እሳት ማንደድ ግን ራሱን ሰንበቱን መሻር ነው። ትእዛዙን ለመፈጸም ትእዛዙን አታፍርሱ።

የዐርብ ማታ ማዕድ

ከጸሎት ሲመለሱ ልጆች ይባረካሉ፤ ወንዶቹ «እግዚአብሔር እንደ ኤፍሬምና እንደ ምናሴ ያድርግህ»፣ ሴቶቹ እንደ ሣራ፣ ርብቃ፣ ራሔልና ልያ። ቀጥሎ ቂዱሽ፣ ማለትም ሰንበቱን በወይን ላይ መቀደስ፣ ነው።

1. ዳቦዎቹ ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ ይሸፈኑ።
2. ቢያንስ 86 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጽዋ በወይን ወይም በወይን ጭማቂ ይሞላ። የሚበልጥ መጠን፣ እስከ 150 ሚሊ ሊትር፣ የሚጠይቁም አሉ።
3. ከኦሪት ዘፍጥረት «ስድስተኛ ቀን» ከሚለው ጀምሮ የሰባተኛው ቀን ክፍል ይነበብ፤ የወይኑ ቡራኬ፣ ከዚያ የቂዱሽ ቡራኬ ይባል። ሲዱሩ (የጸሎት መጽሐፉ) ላይ በሙሉ አለ።
4. ቂዱሽ ያደረገው ከጽዋው ቢያንስ አፍ የሚሞላ ይጠጣ፤ ለሌሎቹም ይካፈል።
5. ሁሉም ጆሮ ባለው ማስታጠቢያ እጁን ይታጠብ፤ ባርኮ ዳቦ እስኪቀምስ ዝም ይበል።
6. ሁለቱ ዳቦ አንድ ላይ ይያዙ፣ ቡራኬ ይባል፣ አንዱ ይቆረስና ጨው ነክቶ ይታደል።

ጠጅ በቂዱሽ ቦታ ይገባል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ዐርብ ማታ አይገባም፤ ጠጅ ከማር እንጂ ከወይን ፍሬ አይደለም። ወይን ከጠፋ ቂዱሹ በዳቦው ላይ ይደረጋል። ለቅዳሜ ቀንና ሻባት ሲወጣ ለሚደረገው ሐቭዳላ ግን «የአገር መጠጥ» የሚባል ፈቃድ ስላለ ራቭ ጠይቁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ጸሎትና የሳምንቱ የኦሪት ንባብ ነው፤ ሰባት ሰው ወደ ንባቡ ይጠራል። ሁለተኛው ማዕድ ከጸሎት በኋላ ነው፣ እሱም ቂዱሽና ሁለት ዳቦ አለው። ሦስተኛው ከእኩለ ቀን ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይበላል፤ ብዙ ቤት ከሰዓት በኋላ ከሚጸለየው ከሚንሐ ጸሎት ቀጥሎ ቀለል አድርጎ ይበላዋል። ዐርብ ማታ ሆዱን የሞላ እዚህ ላይ ይቸገራል።

ማዕድ ቤት ውስጥ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ስትለዩ የሚፈለገውን ከማይፈለገው በእጅ አውጡ፤ ለዚያው ማዕድ ብቻ። ከለውዝ ሳህን የተበላሸውን ለቅሞ መጣል አይሆንም፤ ጥሩውን እያነሡ መብላት ይሆናል። ሰላጣ ከማዕዱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ደቀቅ ሳይል ይከተፍ። ለዚያው ቀን የሚያስፈልግ ዕቃ ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ስፖንጅ መጭመቅ ስለማይቻል ውሃ የማይመጥ የፕላስቲክ መፈተጊያ ያዙ።

ውጭ መሸከም የሚቻለው ዔሩቭ፣ ማለትም ከተማውን የሚከብ ምልክት ያለው ሽቦ፣ ሲኖር ነው። በእስራኤል ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ሽቦ ይበጠሳል፣ ስለዚህ ከምኩራብ ጠይቁ። በሌለበት የሕፃን ጋሪም ሆነ ቁልፍ አይወጣም። ጃንጥላ ዔሩቭ ቢኖርም አይዘረጋም። ከከተማ ወጥቶ መሄድም እስከ 2,000 ክንድ ነው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ።

ሕይወት ሲያሰጋ

የሰው ነፍስ አደጋ ላይ ከሆነ ከላይ ያለው ሁሉ ይታለፋል። ምጥ፣ የደረት ሕመም፣ ራሱን የሳተ ሰው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ሲኖር ወዲያው 101 ደውሉ፣ መኪና አስነሡ፣ መብራት አብሩ። ራቭ እስኪገኝ መጠበቅ ራሱ ጥፋት ነው። ጠቢባን «ብዙ ሰንበታት እንዲጠብቅ አንዱን ሰንበት ሻርለት» ብለዋል። ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ዐርብ የተጀመረው ዘመቻ ሰለሞን ሰንበት ገባ ብሎ አልቆመም፤ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዟል። ለሕይወት የማያሰጋ ግን በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ጥያቄውን በሳምንቱ ውስጥ ይጨርስ፤ ክኒኑንም ዐርብ ለይቶ ያስቀምጥ።

ለተጋበዛችሁ

አይሁዳዊ ያልሆነ ወዳጅ ሻባት ቤት ሲጋበዝ፣ በተለይ በቀዳሚት ሳይፈጭና ሳይወቀጥ ባደገበት ገጠር የኖረ፣ ነገሩ ብዙም አይገርመውም። ቢሆንም ይህን ያዙ፦ ስጦታችሁን ሻባት ሳይገባ አድርሱ፤ ወይን ከሆነ የኮሸር (በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ) ማኅተም ያለው፣ ያልተከፈተ ይሁን። በር ላይ ደወል አትጫኑ፣ አንኳኩ። ፎቶ አታንሡ። ከሽንት ቤት ስትወጡ በልማድ መብራቱን እንዳታጠፉት፤ መልሰው ሊያበሩት አይችሉም፣ «እባክህ አብራልን» ብለው እናንተን ማዘዝም አይፈቀድላቸውም።

መውጫው

ሰዓቱ ሲደርስ፣ በእስራኤል ፀሐይ ከጠለቀች ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ፣ ሐቭዳላ ይደረጋል። 72 ደቂቃ የሚጠብቁም አሉ። ከሐቭዳላ በፊት መብራት ማብራት የፈለገ ሰው ሰዓቱ መድረሱን አይቶ «ባሩኽ ሃማቭዲል ቤን ቆዴሽ ሌሖል» ይበል፤ ከዚያ ሥራ ይፈቀድለታል።

ቅደም ተከተሉ ወይን፣ ሽቶ፣ እሳት፣ መለየት ነው። ጽዋው እስኪፈስ ይሞላል። ለሽቶው ከኢትዮጵያ ጓዳ ቅርንፉድ ወይም ቀረፋ ጥሩ ነው፤ ቡራኬውም የተለመደው የቅመማ ቅመም ቡራኬ ነው። ሻማው ከአንድ በላይ ክር ያለው ይሁን፣ ካልተገኘም ሁለት ሻማ አጣብቁ፤ ጥፍርን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ ማየት ልማድ ነው። ባራኪው ከጠጣ በኋላ እሳቱ በተረፈው ወይን ይጠፋል፤ «ሻቩዓ ጦቭ» (መልካም ሳምንት) ይባባላሉ። ፕላታው ከሶኬት ይነቀላል፣ የማቀዝቀዣው አምፖል ይመለሳል፤ ሜላቬ ማልካ ለሚባለው የስንብት ማዕድ ትንሽ ነገር መቅመስ መልካም ነው።

በጉዞ ወይም በሕመም ቅዳሜ ማታ ሐቭዳላ ያመለጠው ሰው እስከ ማክሰኞ ፀሐይ መጥለቂያ ሊያደርገው ይችላል። ያኔ ሽቶና እሳት የሉም፤ የወይኑና የመለየቱ ቡራኬ ብቻ ይባላል።